«አራተኛ» ማለት ረቡዕ በሆነባት ከተማ

ሊዝበን ውስጥ የአንድ ፋርማሲ በር ላይ የሥራ ቀናት «ከ2ኛ እስከ 6ኛ» ተብለው ተለጥፈው ሲገኙ አብዛኛው አውሮፓዊ እንግዳ ግራ ይጋባል። ኢትዮጵያዊው ግን ጥቂት ካሰበ ይገባዋል። ፖርቱጋሎች ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉትን ቀናት የሚጠሩት በቁጥር ነው፦ ሰኞ «ሰጉንዳ ፌይራ»፣ ሁለተኛ፤ ረቡዕ «ክዋርታ ፌይራ»፣ አራተኛ፤ ሐሙስ «ኪንታ ፌይራ»፣ አምስተኛ። በግዕዙም ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ነው፤ ሰኞም «ሰኑይ» ከሚለው፣ ከሁለተኛው የመጣ ነው። ሁለቱም አገሮች ቆጠራውን የሚጀምሩት ከእሑድ ነው። ወደ ከተማዋ ለሚሄድ አማርኛ ተናጋሪ ከዚህ የቀረበ መግቢያ አይገኝም።

ከዚያ ቀጥሎ ሰላምታ ይመጣል። ዳቦ ቤት ሲገባ፣ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ፣ ሊፍት ውስጥ ሰው ሲገኝ እስከ ምሳ «ቦን ዲያ»፣ ከምሳ በኋላ «ቦአ ታርድ»፣ ሲመሽ «ቦአ ኖይት» ይባላል። ሰላም ሳይሉ ዋጋ መጠየቅ አገር ቤት የጎረቤት በር ከፍቶ «እንዴት አደራችሁ?» ሳይሉ ጨው እንደመለመን ነው፤ ይሰጣሉ፣ ፊታቸው ግን ይለወጣል። ምስጋናው ላይ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ሊሳሳት ይችላል። እኛ «እግዜር ይስጥህ» ወይም «ይስጥሽ» የምንለው በሚመሰገነው ሰው ፆታ ነው። እነርሱ ዘንድ የሚወስነው የተናጋሪው ፆታ ነው፦ ወንድ ማንንም ሲያመሰግን «ኦብሪጋዱ»፣ ሴት ደግሞ «ኦብሪጋዳ» ትላለች። በስፓኝኛ «ግራሲያስ» ማለት አይመከርም። የሚሰማው ሰው ይረዳዋል፤ ግን የራሱ ቋንቋ እያለ በጎረቤቱ ቋንቋ መመስገኑ ደስ አይለውም።

ቡናው አጭርና ወፍራም ነው። የሊዝበን ሰው «ቢካ» ይለዋል፤ «ኡም ካፌ» ብሎ ያዘዘም ያንኑ ትንሽ ሲኒ ያገኛል። ብዙዎች ባንኮኒው ላይ ቆመው በሁለት ሦስት ጉንጭ ጨርሰው ይሄዳሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለም። ይሁን እንጂ ያው ሰው በየማለዳው ወደ ያው ባንኮኒ ይመለሳል፤ አስተናጋጁም ሳይጠይቅ ይቀዳለታል። ውጭ አደባባዩ ላይ ያለው ወንበር ብዙ ጊዜ ዋጋ ይጨምራል። ከቡናው ጋር የምትበላው «ፓስቴል ደ ናታ» የእንቁላልና የወተት ክሬም የተሞላች ትንሽ ኬክ ናት፤ ላይዋ ላይ ቀረፋ ይነሰነስባታል። በቤሌም ሰፈር ከ1837 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጋግራት ቤት ዛሬም ረጅም ሰልፍ አለው።

ምግብ ቤት ገብቶ ገና ምንም ሳያዝ ዳቦ፣ የወይራ ፍሬና አይብ ሲቀርብለት እንግዳው እንደ ግብዣ ይቆጥረዋል። ግብዣ አይደለም። «ኩቬር» ይባላል፤ የበላ ይከፍላል፣ ያልነካው በሕግ አይከፍልም። የማይፈልግ ሰው በትሕትና «አይ» ብሎ ቢመልሰው ማንም አይቀየምም። የአሳማ ሥጋ የማይበላ ደግሞ ስለ «ካልዱ ቬርድ» ይወቅ፦ የጎመንና የድንች ሾርባ ነው፣ ሲያዩት የጾም ይመስላል፤ ነገር ግን በልማድ አንድ ሁለት ቁራጭ የአሳማ ቋሊማ ይጨመርበታል። «ሴም ሾሪሱ»፣ ያለ ቋሊማ፣ ብሎ ማዘዝ ይበቃል። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ የተረፈ ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ መተው የተለመደ ነው።

«ፋዱ» የሚባለው የፖርቱጋል ዘፈን የሚዘፈንበት ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። አዝማሪ ቤት ያደገ ጆሮ ሙዚቃ ከአድማጩ ጋር የሚሠራ ነገር እንደሆነ ያውቃል፤ «ተቀበል!» ተብሎ ግጥም ይሰጣል፣ ይሳቃል፣ ይጨበጨባል። በአልፋማና በሞራሪያ ጠባብ ጎዳናዎች ባሉት ቤቶች ዘፋኟ ስትነሳ መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ አስተናጋጆች ሳህን ማንሳት ያቆማሉ፣ ሹካም አይንቀሳቀስም። ብዙ ጊዜ ጥቁር ሻርፕ ደርባ፣ ከጎኗ 12 ክር ያለው የፖርቱጋል ጊታር እየተመታላት ትዘፍናለች። እንግዳ የሚያዋጣው ዝምታውን ነው። ያወራ ሰው ከጎረቤት ጠረጴዛ «እሽ!» ይባላል፤ መባልም ይገባዋል። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. ይህን ዘፈን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር ያን ጸጥታም አብሮ የመዘገበው ያህል ነው።

በእነዚሁ ሰፈሮች ሰዎች ይኖራሉ። ይህ ብዙ ተጓዥ የሚዘነጋው ነገር ነው። ቤቶቹ ለቱሪስት እየተከራዩ ነባር ነዋሪዎች ከአልፋማ ሲወጡ ቆይተዋል፤ የቀሩት አዛውንቶች እኩለ ሌሊት ላይ የሻንጣ ጎማ በድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ ይሰማሉ። ሻንጣን በእጅ ማንሳት ትንሽ አክብሮት ነው፤ ለከተማዋ ግን ብዙ ነው። የእግረኛው መንገድ በነጭና በጥቁር ትናንሽ ድንጋዮች የተነጠፈ ሲሆን ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ሶሉ የለሰለሰ ጫማ አይሆንም። 28 ቁጥር ትራም ውብ ነው፣ ኪስ አውላቂም ይወደዋል፤ በጠዋት መሳፈር ይሻላል።

በጁን 12 እ.ኤ.አ. ማታ፣ በቅዱስ አንቶኒዮ በዓል ዋዜማ፣ ከተማው ሁሉ ሰርዲን ይጠብሳል። በዚያ ምሽት «ማንጄሪኩ» የተባለ የበሶብላ ዝርያ በትንሽ ማሰሮ፣ ከወረቀት አበባና ከአጭር ግጥም ጋር ለሚወዱት ሰው ይሰጣል። አፍንጫን አስጠግቶ ማሽተት ነውር ነው፣ ተክሉን ያደርቀዋል ይላሉ። በመዳፍ ዳሰስ አድርጎ መዳፉን ማሽተት ነው ወጉ።

ለኢትዮጵያዊ ግን አንድ ቦታ ከሁሉም ይቀድማል ብሎ መናገር ይቻላል። በቤሌም፣ በዤሮኒሙሽ ገዳም ቤተ ክርስቲያን፣ ከበሩ ሲገባ የቫስኮ ዳ ጋማ የድንጋይ መቃብር አለ። ልጁ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ በ1541 እ.ኤ.አ. 400 ያህል ወታደሮች ይዞ በምጽዋ ገብቶ ለአፄ ገላውዴዎስ የተዋጋው ነው፤ በተከታዩ ዓመት ተማርኮ በኢትዮጵያ ምድር ተገደለ። ጎብኚዎች የአባትየውን መቃብር ፎቶ አንስተው ያልፋሉ፤ የልጁን መጨረሻ የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ግን እዚያ ቆም ማለቱ አይቀርም። ገዳሙ በ«ሰጉንዳ»፣ ማለትም ሰኞ፣ ዝግ ነው።