ንብ ለመጀመር አሥር ቀፎ አያስፈልግም

ሰሞኑን ስለ ንብ ማነብ የሚጻፈው ሁሉ በሒሳብ ነው የሚጀምረው። «አንድ ዘመናዊ ቀፎ ይህን ያህል ኪሎ ማር፣ አሥር ሲሆን ይህን ያህል ብር…» ሒሳቡ ወረቀት ላይ ልክ ነው። ችግሩ ንቧ ወረቀቱን አላየችውም።

የኔ አቋም አጭር ነው፦ ጓሮው ውስጥ ንብ ሊጀምር ያሰበ ሰው በሁለት ቀፎ ይጀምር፤ ሁለቱም ርካሽ ይሁኑ።

ለምን ርካሽ? በመጀመሪያው ዓመት መሳሳት አይቀርማ! የኛ አገር ንብ ደግሞ ብዙ አትታገሥም። ሲርባት፣ ጉንዳን ሲያስቸግራት፣ ቀፎዋ በየጊዜው ሲነካካ ጥላ ትሄዳለች። ዘመናዊው ሳጥን ቀፎ ጥሩ ነው፤ ግን ፍሬም ላይ የሚለጠፍ የሰም አንሶላና ማሩን አሽከርክሮ የሚያወጣ ማሽን ይፈልጋል። እነዚህ ሳይሟሉ የተገዛ ቀፎ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል። የሽግግር ቀፎ ግን በሸንበቆ፣ በጭቃና በኩበት ይሠራል። አንድ ነገር ላይ ብቻ ድርድር የለም፦ ከላይ የሚደረደሩት እንጨቶች ስፋት 3.2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከሰፋ ንቧ የማሩን እንጀራ አጣማ ሁለቱን እንጨት ታያይዘዋለች፤ አንዱን ስታነሱ ሌላውም ይቀደዳል።

ለምን ሁለት? ለማነጻጸር። ያለው አንድ ቀፎ ከሆነና ከደከመ፣ ጥፋቱ የወቅቱ ይሁን የንግሥቷ ይሁን የናንተ አታውቁም። ሁለት ሲሆኑ፣ አንዱ በርትቶ አንዱ ከሰነፈ መጀመሪያ ቀፎው ውስጥ ፈልጉ። ሁለቱም ከደከሙ ውጭውን እዩ፦ አበባ አለ? ውሃስ? ጎረቤት ማሳው ላይ ፀረ ተባይ ረጭቷል?

ሞክሮ መማር ማለት ዝም ብሎ መነካካት አይደለም። ቀፎ በከፈታችሁ ቁጥር ያያችሁትን ጻፉ። እንቁላል ካለ፣ ንግሥቷን ባታዩዋትም ባለፉት 3 ቀናት እዚያው ነበረች ማለት ነው። ይቺን አንዷን ማወቅ ብቻ ከስንት አላስፈላጊ ፍተሻ ታድናለች።

«በሁለት ቀፎ ማን ሀብታም ይሆናል?» የሚሉ አሉ። ማንም አይሆንም። ግን የበረታ መንጋ ራሱ ይከፈላል፤ ሦስተኛውን ቀፎ የምትሠሩት ያኔ ነው። አደይ አበባው አልፎ በጥቅምትና በኅዳር ማሩ ሲደርስ ደግሞ ሙልጭ አድርጋችሁ አትቁረጡ። በጋው ረጅም ነው፤ የሚበሉትን ተዉላቸው። ጠጁ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።

ሌላው የጎረቤት ነገር ነው። ጓሮ ማለት ልጆች የሚጫወቱበት፣ በግ የሚታሰርበት ቦታ ነው። ቀፎ ሳታስገቡ ለጎረቤት ንገሩ፤ የቀፎውን አፍ ከመተላለፊያ አዙሩ፤ ሥራውን ወደ ማታ፣ ጭስ ይዛችሁ ሥሩ። ንቧ አንድ ልጅ ብትጎዳ የሚከስረው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? አሥሩን ቀፎ የሚሸጥላችሁ ሰው ንቦቹ ሲጠፉ አብሯችሁ አይፈልጋቸውም። ይልቅ ሰፈራችሁ ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ አባት ካሉ ሄዳችሁ አንድ ማታ አብራችኋቸው ዋሉ፤ ሥልጠና ላይ የማይነገር ብዙ ነገር እሳቸው ጋ አለ።

እስኪ በጥቂት ቀፎ የጀመራችሁ፣ የመጀመሪያው ዓመት ምን አስተማራችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ለጀማሪ ይጠቅማል።