እድሩ ይቆጥራል፣ መንግሥት ይገምታል

በየሰፈራችን ያለ እድር ድንኳን ከመግዛቱ በፊት አባሎቹን ይቆጥራል፡፡ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ማን እንደገባ፣ ማን ሰፈር እንደለቀቀ፣ ማን እንደሞተ ይናገራል፡፡ ድግስ ያለባት እናትም ስንት ሰው እንደተጠራ ሳታውቅ ጠላ አትጠምቅም፡፡ ታዲያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ውኃውን፣ መንገዱንና ትምህርት ቤቱን ለምን በግምት ትሠራለች ብለን ብንጠይቅ ነውር ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቆጠራው በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል፡፡ አራተኛው ግን ተራዘመ፣ እንደገናም ተራዘመ፡፡ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው የጸጥታውንና የመፈናቀሉን ችግር አንስተው አሁንም አራዘሙት፡፡ ይህን እስከምንጽፍ ድረስ አልተካሄደም፡፡ በ1999 ቆጠራው ባለቀ ማግስት የተወለደ ልጅ ዛሬ ለመምረጥ ደርሷል፤ ቆጣሪ ግን ደጁን አንኳኩቶ አያውቅም፡፡

"ምን ችግር አለው? ትንበያ አለ" የሚሉን አሉ፡፡ እስቲ አብረን እናስላ፡፡ በ1999 ዓ.ም. 10,000 ሰው የነበረባት አንዲት ከተማ አለች እንበል፡፡ በዓመት 3 በመቶ አድጋለች ካልን በ19 ዓመት ወደ 17,500 ትደርሳለች፡፡ 5 በመቶ ካልን ደግሞ ከ25,000 ታልፋለች፡፡ የትኛው ነው ትክክሉ? ሳይቆጠር ማን ያውቃል! መሐንዲሱ የመጀመሪያውን ይዞ ቧንቧ ከዘረጋ፣ እውነቱም ሁለተኛው ከሆነ፣ ከ7,500 በላይ ሰው ከዕቅድ ውጭ ቀረ ማለት ነው፡፡ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብናስብ ጉድለቱ በየቀኑ ከ18,000 ጀሪካን በላይ ነው፣ ያውም ባለ 20 ሊትሩ! ያንን ጀሪካን የሚሸከመው ትንበያውን የሠራው ሰው አይደለም፡፡

ሁለተኛው መከራከሪያ ጠንከር ይላል፡፡ ጦርነትና መፈናቀል ባለበት አገር እንዴት ይቆጠራል? ቆጠራውስ ራሱ ጠብ አያመጣም? እውነት አለው፡፡ በ1999ኙ ቆጠራ የአማራ ክልል ቁጥር ከተጠበቀው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ መገኘቱ በፓርላማ ሳይቀር ጥያቄ አስነስቷል፡፡ እኛ ግን ከዚህ የምንማረው ሌላ ነገር ነው፡፡ ሰው የሚጣላው በተቆጠረ ቁጥር ሳይሆን ሊያጣራው በማይችለው ቁጥር ነው፡፡ አለመቁጠርም ገለልተኛ መሆን አይደለም፡፡ ቁጥር በሌለበት ውኃው የሚደርሰው ለሚበዙት ሳይሆን ጮኸው ለሚሰሙት፣ ወይም ቢሮ ውስጥ ዘመድ ላላቸው ነው፡፡

ፋይዳ መታወቂያ ይተካዋል የሚሉም አጋጥመውናል፡፡ አይተካውም፡፡ ፋይዳ የሚመዘግበው መጥቶ የተመዘገበውን ነው፤ ቆጠራ ግን በየደጁ ሄዶ በቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ መጸዳጃ እንዳለው ይጠይቃል፡፡

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፡፡ አንደኛ፣ ለቆጠራው ቁርጥ ያለ ቀን ይነገረን፡፡ ሁለተኛ፣ ቀኑ እስኪደርስ ድረስ እጃችን ላይ ያለውን እንጠቀም፡፡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የየቤቱን ማኅደር ይዘዋል፤ ትምህርት ቤቶች የተማሪ መዝገብ፣ ውኃ አገልግሎቶች የቆጣሪ ንባብ አላቸው፡፡ እነዚህ ተገናኝተው የሰው ስም ሳይወጣ በወረዳ በወረዳ ለሕዝብ ይታተሙ፡፡ ሦስተኛ፣ ማንኛውም በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ፕሮጀክት ስንት ሰው ታስቦ እንደተሠራና ቁጥሩ ከየት እንደመጣ በግልጽ ይጻፍ፡፡

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ሪባን ሲቆረጥ ካያችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፡- "ይህ ለስንት ሰው ነው የተሠራው? ማንስ ቆጠረን?" የእድራችን ጸሐፊ እንዲህ ሲባል መልሱን ከመዝገቡ ያነብባል፡፡ ከመንግሥት የምንጠብቀውም ከዚህ አይበልጥም፡፡