ፉጂ በር ማበጀቱ ተገቢ ነው

በጃፓን ረጅሙ ተራራ ፉጂ 3,776 ሜትር ከፍታ አለው። አብዛኛው ተራራ ወጪ ግን ከግርጌው አይነሳም፤ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ እስከሚገኘው አምስተኛው ጣቢያ በአውቶቡስ ይደርሳል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ቅለት ነው።

የፀሐይዋን መውጣት ከጫፉ ላይ ለማየት ብዙዎች ማታ ተነስተው፣ ያለ እንቅልፍ፣ አንዳንዶቹም በስስ ልብስ ሌሊቱን ሙሉ ሽቅብ ይጓዛሉ። በሐምሌም ቢሆን የጫፉ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ከፍታው ራስ ያዞራል፣ የእሳተ ገሞራው ኮረት ያንሸራትታል። አንዱ ሲወድቅ ነፍስ አድን ሠራተኞች በዚያው ጨለማ መውጣታቸው ግድ ነው።

ስለዚህ ተራራው የሚገኝበት የያማናሺ ክፍለ ግዛት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ጫፉ በሚወስደው በዮሺዳ መንገድ ላይ በር አቆመ። በቀን ከ4,000 ሰው በላይ እንዳያልፍ ወሰነ፤ 2,000 የንም ማስከፈል ጀመረ። በ2025 ክፍያው በእጥፍ ጨመረ፤ በተራራው ላይ ማደሪያ ላልያዘ ሰውም በሩ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ይዘጋል።

ተራራ የሁሉም ነው፣ በገንዘብ አይገደብም የሚሉ አሉ። ስሜታቸው ይገባል። ነገር ግን ዩኔስኮ በ2013 ፉጂን የመዘገበው የእምነትና የሥነ ጥበብ ምንጭ አድርጎ ነው፤ በግፊያ መካከል ይህን ማን ያስተውላል? ውበቱን ብቻ ለሚሻ ደግሞ በግርጌው ካለው ከካዋጉቺ ሐይቅ ዳር የሚገኘው እይታ ከጫፉ ይበልጣል።

አስተዳደሩ ግን ገንዘቡ ለመንገዱ ደኅንነትና ጽዳት መዋሉን በየዓመቱ በዝርዝር ለሕዝብ ሊያሳውቅ ይገባል።