የ1959ኙ ጠርሙስ

«ለአንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ብሎ ሰው ሥልጣኑን ይለቃል?» ይህን ጥያቄ አንዳንዱ በፌዝ፣ አንዳንዱ በሐዘኔታ ሲያነሣው ሰምቻለሁ። ነገሩ ኤፕሪል 16 ቀን 2014 ሥልጣናቸውን ስለ ለቀቁት የኒው ሳውዝ ዌልስ ፕሪሚየር ስለ ባሪ ኦፋረል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከዚህ እወጣለሁ፤ እዚያው እጠቁማለሁ።) እኔ ከፌዘኞቹም ከአዛኞቹም ወገን አይደለሁም። ጠርሙሱን በቅጡ ያላወቀ ሰው ጉዳዩንም በቅጡ ሊፈርድ አይችልም ባይ ነኝ። ስለዚህ ወደ ፖለቲካው ከመግባቴ በፊት አንባቢዬ ስለ ወይን ጠጅ ጥቂት እንድጽፍ ይፍቀድልኝ።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ኦፋረል በማርች 2011 በተካሄደው ምርጫ ፓርቲያቸውን ለድል አብቅተው የክፍለ ግዛቱን መንበር ያዙ። ብዙም ሳይቆይ የአንድ የውሃ ሥራ ኩባንያ ኃላፊ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ ቤታቸው ድረስ ላከላቸው። የ1959 ግሬንጅ ነበር፤ ዋጋውም 3 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ። ዓመቱ በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም፤ ኦፋረል የተወለዱት በ1959 ነውና። በክፍለ ግዛቱ ደንብ መሠረት አንድ የምክር ቤት አባል ከ500 ዶላር በላይ የሚያወጣ ስጦታ ሲቀበል በይፋዊ መዝገብ ማስፈር አለበት። ጠርሙሱ ግን አልሰፈረም። ከሦስት ዓመት በኋላ የክፍለ ግዛቱ ነጻ የፀረ ሙስና ኮሚሽን የኩባንያውን ጉዳይ ሲመረምር ፕሪሚየሩን ለምስክርነት ጠራቸው፤ እሳቸውም በመሐላ እንዲህ ያለ ስጦታ እንዳልደረሳቸው ተናገሩ። በማግስቱ በገዛ እጃቸው የጻፏት የምስጋና ካርድ ተገኘች። ስለ ወይኑ አመስግነውባታል፤ ዓመቱንም አወድሰውባታል። በዚያው ዕለት ሥልጣናቸውን መልቀቃቸውን አስታወቁ።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ልሂድ። የግሬንጅ አገሩ ደቡብ አውስትራሊያ ነው። በአደሌድ ከተማ ዳርቻ፣ ማጊል በምትባል ስፍራ፣ ፔንፎልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1844 ከባለቤቱ ጋር ወይን ተከለ። ከመቶ ዓመት በኋላ የዚያ ቤት የወይን ጠመቃ አዋቂ የነበረው ማክስ ሹበርት በ1950 ወደ አውሮፓ ተላከ። የተላከው በስፔን የሼሪን አሠራር እንዲያጠና ነበር፤ በመንገዱ ግን ቦርዶን ጎበኘ፤ እዚያም ዐርባና ሃምሳ ዓመት በምድር ቤት ተኝቶ ገና ነፍሱ ያልወጣ ቀይ ወይን ቀመሰ። በዚያ ዘመን አውስትራሊያውያን በአብዛኛው ይጠጡት የነበረው በአልኮል የበረታ ጣፋጭ ወይን ነበር። ሹበርት አገሩ ተመልሶ፣ ሺራዝ የተባለውን ፍሬ ጠምቆ፣ በአዲስ የአሜሪካ ኦክ በርሜል አስቀምጦ፣ በ1951 ሙከራውን ጀመረ። የዚያን ዓመቱን ወይን ለገበያ አላወጣውም፤ ለወዳጆቹ አደለው።

ሙከራው በአለቆቹ ዘንድ አልተወደደም። ለአዋቂዎችና ለታላላቅ ሰዎች ሲቀርብ የተሰጠው አስተያየት አሳፋሪ ነበር፤ ከቀማሾቹ አንዱ የተጨፈለቀ ጉንዳን እንደሚቀምስ አድርጎ ነበር የገለጸው። ኩባንያው በማይሸጥ ወይን ላይ ገንዘብ ታስሮ መቆየቱ አላስደሰተውም። ስለዚህ ከ1957 መኸር በፊት ሥራው እንዲቆም ለሹበርት በጽሑፍ ትእዛዝ ደረሰው። ሹበርት ግን አላቆመም። 1957ን፣ 1958ንና 1959ን በድብቅ ጠመቀ፤ ጠርሙሶቹንም ማጊል ምድር ቤት ውስጥ ደበቃቸው። አዲስ በርሜል ልግዛ ቢል ወጪው ያጋልጠዋልና ባገለገሉ በርሜሎች ተጠቀመ። በ1960 የቀደሙት ዓመታት ወይኖች በጠርሙስ ውስጥ በስለው እንደገና ሲቀመሱ አለቆቹ ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ «ቀጥል» አሉት። እሱ ግን አቋርጦም አያውቅ። በ1962 በሲድኒ ውድድር የ1955ቱ ግሬንጅ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ።

እንግዲህ አንባቢዬ ልብ ይበሉ። ለፕሪሚየሩ የተላከው ጠርሙስ ከእነዚያ ከሦስቱ የተደበቁ ዓመታት የመጨረሻው ነው። ከባለቤቶቹ መዝገብ ተሰውሮ የተወለደ ወይን፣ ከሃምሳ ሁለት ዓመት በኋላ ከሕዝቡም መዝገብ ሳይገባ ቀረ። ሁለቱ ድርጊቶች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ሹበርት የደበቀው የራሱን ሥራ ነው፤ ቢያዝ የሚከፍለውም ራሱ ነበር።

እንዲህ ያለ ወይን ጠጅ ለምን እንደሚከማች የገባኝ በሜልበርን ጎረቤቴ በሆኑ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቤት ነው። የእኛ ጠጅ በጥቂት ሳምንታት ይደርሳል፤ ከደረሰም በኋላ የሚጠብቀው የለም። መምህሩ ግን ከቤታቸው ወለል በታች በቆፈሩት ጓዳ የልጆቻቸውን ዕድሜ ያህል የቆዩ ጠርሙሶች አሏቸው። ጓዳው ጨለማ ነው፤ ሙቀቱ በጋ ክረምት ከ13 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ጠርሙሶቹ በጎናቸው ተኝተዋል፤ ቆመው ቢቀመጡ ቡሹ ይደርቃል፣ አየር ይገባል፣ ወይኑም ወደ ኮምጣጤ ያዘነብላል። በዓመት አንድ ጊዜ በእጅ መብራት ጠርሙሶቹን እየዞሩ ያያሉ፤ የወይኑ ከፍታ ከአንገት ወደ ትከሻ ከወረደ ቡሹ እየደከመ ነው ማለት ነው። ፔንፎልድስ ራሱ ከ1991 ጀምሮ ለዚህ «ክሊኒክ» ይከፍታል። ባለቤቶች 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ጠርሙሶች ይዘው ይሰለፋሉ፤ ጠማቂዎቹም ከፍተው ይቀምሳሉ፣ የጎደለውን ይሞላሉ፣ ቡሹን ይቀይራሉ፣ ደኅና ለሆነው ምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። አያቱን ይዞ ሐኪም ቤት የሚሄድ የልጅ ልጅ ትዝ ይለኛል።

አንድ ምሽት መምህሩ የ1998 የባሮሳ ሸለቆ ሺራዝ ከፈቱልኝ። ግሬንጅ አይደለም፤ ግሬንጅ ለጎረቤት አይከፈትም። ከአንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን አቁመውት ነበር፤ አተላው ይዝቀጥ ብለው። ከፍተው ከአንገቱ ሥር ሻማ አበሩና ወደ ሌላ ዕቃ ቀስ እያሉ አንቆረቆሩት፤ በሻማው ብርሃን አተላው ወደ አንገቱ ሲጠጋ እጃቸውን ገቱ። መጀመሪያ ስቀምሰው ዝም ያለ ነገር ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስበት የደረቀ ፕለም፣ የኮርቻ ቆዳ፣ ከበስተኋላው ደግሞ ቁንዶ በርበሬ መጣ። በወጣትነቱ አፍ ይይዛል የሚሉት ሻካራነት ልዞ ሐር መስሏል። ያን ምሽት፣ ሰው ገንዘቡን ጓዳ ውስጥ አስተኝቶ ሃያ ዓመት መጠበቁ እብደት ነው ከማለት ታቀብኩ።

ነገር ግን ብዙው ሰብሳቢ ሊጠጣ እንደማይሰበስብም አይቻለሁ። ሹበርት በነጻ ያደለው የ1951ዱ ወይን በ2020 በሐራጅ ከ140 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር በላይ አውጥቷል። የሚገዛው ለጣዕሙ አይደለም፤ ከ1951 ጀምሮ ያለውን ረድፍ ያለ ክፍተት ለመሙላት ነው። መንግሥታትም ይህን ዋጋ ያውቁታል፦ ቻይና ከካንቤራ ጋር በተቃቃረች ጊዜ በ2021 በአውስትራሊያ ወይን ላይ እስከ 218 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ ጣለች፤ እስከ ማርች 2024 ድረስም አላነሣችውም።

ወደ ኦፋረል ልመለስ። «አንድ ጠርሙስ እኮ ነው» የሚሉ ሰዎች የማያዩት ይህን ነው፦ ለባለሥልጣን የሚላክ ስጦታ ሊኖረው የሚፈለገውን ጠባይ ሁሉ አሮጌ ወይን አሟልቶ ይዟል። መሬት ካርታ አለው፤ መኪና ሰሌዳ አለው፤ የወርቅ ሰዓት ከእጅ ላይ ያበራል። ጠርሙስ ግን በክንድ ሥር ይገባል፤ ዋጋው ፊቱ ላይ አልተጻፈም፤ ላላወቀ ሰው ከገበያ የ20 ዶላር ወይን አይለይም። ለሚያውቅ ደግሞ ብዙ ይናገራል። የተወለድክበትን ዓመት ፈልጌ አገኘሁልህ ይላል፤ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ድካምም አወጣሁብህ ይላል። በአንድ ራት ተጠጥቶ ሲያልቅም ባዶ ጠርሙስ እንጂ ማስረጃ አይተውም። በዚህ ጉዳይ ወሳኙ ማስረጃ የፕሪሚየሩ ጨዋነት ነው። ምስጋና ባይጽፉ ኖሮ ቃላቸው እንደ ጸና ይቀር ነበር።

አዛኞቹ የሚያነሡት ክርክር ቀላል አይደለም፤ አልሸሸውም። ኮሚሽኑ ራሱ ኦፋረል ሆን ብለው ሊያሳስቱ አልፈለጉም ሲል ደምድሟል። እኔም እቀበለዋለሁ፤ ከምርጫ ድል በኋላ በስጦታ የተጥለቀለቀ ሰው ሊረሳ ይችላል። መዝገብ የተፈለገው ግን ሰው የሚረሳ ፍጡር በመሆኑ ነው፤ ሁሉን የሚያስታውስ ሹም ቢኖር መዝገብ ባላሻውም ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የኒክ ግራይነር ታሪክ ነው። ይህን ኮሚሽን በ1988 ያቋቋሙት ፕሪሚየር እሳቸው ነበሩ፤ በ1992 ኮሚሽኑ በራሳቸው ላይ ስለ ፈረደ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ጥቂት ቆይቶ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ወንበሩ ግን አልተመለሰላቸውም። ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ እንዲህ ያለ ተቋም ይኑር የሚል ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ይህንንም ጉዳት አብሮ መቁጠር አለበት። እኔ ቆጥሬው አሁንም ይኑር እላለሁ። ኦፋረል ደግሞ ከሥልጣን ወረዱ እንጂ ከአደባባይ አልጠፉም፤ በ2020 በሕንድ የአገራቸው ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆነው ተሹመዋል።

እኛ ለዚህ ነገር ከእነሱ ቀድመን ስም አውጥተንለታል፤ እጅ መንሻ እንለዋለን። በዓል ሲደርስ በወረቀት ተጠቅልሎ የሹም ደጅ የሚያንኳኳውን ውስኪ ማን ይመዘግበዋል? በ2002 ዓ.ም. (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) ሹማምንት ሀብታቸውን አሳውቀው እንዲያስመዘግቡ የሚያዝ ዐዋጅ ወጥቶልናል። ዐዋጁን ሳነብ በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣብኝ ሕንፃውና የባንክ ሒሳቡ አይደለም፤ እነዚያን ጎረቤትም ይቆጥራቸዋል። የሚመጣብኝ ጠርሙሱ ነው። ከእኛ ሹማምንት አንዱ፣ ያውም አላስታውስም ብሎ እንጂ ዋሽቶ ሳይሆን፣ ስለ አንድ ጠርሙስ በመሐላ ተጠይቆ ያውቃል?

መምህሩ ጓዳ ውስጥ ከመደርደሪያው አጠገብ በገመድ የተንጠለጠለ ደብተር አለ። እያንዳንዱ ጠርሙስ መቼ እንደ ገባ፣ ከማን እንደ ተገዛ፣ በስንት፣ መቼና ከማን ጋር እንደ ተጠጣ ተጽፎበታል። ከ1998ቱ ሺራዝ ፊት ለፊት ያን ምሽት ስሜን ሲጽፉ አየሁ። ገጾቹን ሳገላብጥ ዋጋ የሌላቸው መስመሮች አገኘሁ፤ በዋጋው ፋንታ የሰው ስምና «ስጦታ» የሚል ቃል ብቻ ነበረባቸው።

«የተሰጡዎትንም ይጽፋሉ?» አልኳቸው።

«እንዴታ!» አሉኝ፤ «አንድ ቀን ልሸጠው ብወስደው ከየት አመጣኸው ብለው ይጠይቁኛል እኮ።»