ምላጭ የሌለው ቢላዋ

ላፍቶ አካባቢ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ባለፈው ቅዳሜ መጥቶ፥ «መምህር፥ ዓይኔን በሌዘር አሳክሜ መነጽሬን ልጥል ነው። ዓይንን በብርሃን ይቀዱታል የሚባለው እውነት ነውን?» ሲል ጠየቀኝ። ከደመወዙም ለዚሁ ሲቆጥብ ኖሯል። ጥያቄው የብዙ አንባቢዎችም ስለሚሆን መልሱን እዚህ አቀርባለሁ።

ኮርኒያ የሚባለው የዓይን ፊተኛ መስኮት ውፍረቱ የሚሊ ሜትር ግማሽ ያህል ነው። ብርሃንን ከመጠን በላይ ሲሰብር ሥዕሉ ከሬቲና ፊት ያርፍና የሩቁ ሰሌዳ ይደበዝዛል። ሐኪሙም የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ስስ ገጽ አንሥቶ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ይገልጠዋል፤ አንድ ጠርዙ ግን ሳይቆረጥ ይቀራል። ከሥሩ ያለውን ኤክሳይመር በሚባል ሌዘር ይቀርጸውና ቅጠሉን ያለ ስፌት ይመልሰዋል። ግሪካዊው ሐኪም ፓሊካሪስ ይህን በሰው ዓይን የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1989 በቀርጤስ ደሴት ነው። ታዲያ ቅጠሉ የሚነሣው በምላጭ ነበር፤ ምላጭም አልፎ አልፎ ይስታል።

ሌላውን መንገድ ያሳየው አንድ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፥ በፕሮፌሰር ዤራር ሙሩ ቤተ ሙከራ፥ የአንዱን ተማሪ ዓይን የሌዘር ጨረር ድንገት መታው። የመረመረው ወጣት ሐኪም ሮን ከርትዝ ቁስሉን እጅግ ንጹሕ ሆኖ ቢያገኘው ተደነቀ፤ ከፊዚክስ ሰዎቹም ጋር መሥራት ጀመረ። ሴኮንድን ሚሊዮን ጊዜ፥ ያንንም ክፍል እንደ ገና ሺህ ሚሊዮን ጊዜ ብትከፍሉት ፌምቶ ሴኮንድ ይገኛል። የዚህ ሌዘር አንድ ምት የሚቆየው የዚያን ጥቂት መቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ሙቀቱ ወደ ጎን ለመዛመት ጊዜ አያገኝም። እያንዳንዱ ምት በኮርኒያው ውስጥ ኢምንት አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋዎቹም በአንድ ጥልቀት ጎን ለጎን ሲደረደሩ ቅጠሉ እንደ ፖስታ ቴምብር በቀዳዳዎቹ መሥመር ይለያል። የብርሃኑን ምት እንዲህ የሚያበረታውን ዘዴ ሙሩና ዶና ስትሪክላንድ እ.ኤ.አ. በ1985 አውጥተው በ2018 የኖቤል ሽልማት ተካፍለውበታል። ሰፈራችን ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ሽቦ የሌለው ስልክ ሰውን ባስደነቀበት ዘመን ነውና፥ ምላጭ የሌለው ቢላዋ ቢያስደንቀን አይፈረድብንም።

ይሁን እንጂ ልጁ እያወራን ሳለ ሦስት ጊዜ ዓይኑን በጡጫው አሸ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በአለርጂ ምክንያት ዓይናቸውን አዘውትረው የሚያሹ ሰዎች ኮርኒያቸው እየሳሳ ወደ ፊት ሊሾል ይችላል፤ ኬራቶኮነስ ይሉታል። እንዲህ ያለውን ዓይን ብርሃንም ይቅደደው ምላጭ ይብሱን ይዳከማል። ፈጽሞ ከተበላሸ የሚተካው ከሟች በተለገሰ ኮርኒያ ነው፤ በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ሲሰበስብ የኖረውም ይህንኑ ነው። ልገሳው ደግሞ ለጠባሳ ዕውሮች እንኳ አይበቃም።

ስለዚህ «ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት የኮርኒያህን ውፍረትና ቅርጽ አስለካ፤ ማሸቱንም ተው» አልሁት። ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። ሰኞ ከአለቃው ፈቃድ ጠይቆ ለምርመራ እንደሚሄድ ነግሮኝ፥ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ አድርጎ ሄደ።