የማለዳ ሩጫ ለአዳማ

በቡድን የሚደረግ የጎዳና ሩጫ ሰውን ከከተማውም ከጎረቤቱም ያስተዋውቃል። የአርሲው ተወላጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 10,000 ተሳታፊዎችን ይዞ ጀመረ። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ለፉክክር አይወጣም። አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ እየጨፈረ፣ ሲደክመውም እየተራመደ ይጨርሳል፤ በታክሲ መስኮት ብቻ የሚያውቀውን ሰፈር በእግሩ ያየዋል።

አዳማ፣ ሞጆ፣ ባቱና ሻሸመኔ ይህን ለማግኘት ትልቅ ድግስ አያስፈልጋቸውም። አዳማ ረፋዱ ላይ ስለምትሞቅ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ባጃጁ ሳይበዛ የሚነሳ የሰፈር ቡድን ይበቃል። ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይጠብቅ፤ መንገዱም በየሳምንቱ ይቀያየር። አስተዳደሮቹም በሳምንት አንድ ማለዳ አንድ ጎዳና ለተሽከርካሪ ይዝጉ፤ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ ጎዳና ለተሽከርካሪ መዝጋት ጀምራለች።