የጥሪ ቁልፉን ሲጫኑ ማን ይመልሳል? በምን ቋንቋ?

ወላጆቻችንን እቤታችን መጦር ልማዳችን ነው። ነገር ግን በታልፒዮትም ሆነ በሌላ ሰፈር ልጆች ሥራ ውለው ማታ ይገባሉ፤ ደረጃ መውጣት የከበዳቸው አረጋውያን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ይውላሉ። ስለዚህ ዲዩር ሙጋን መፈለግን እንደ ነውር አናየውም። የሚያሳስበን፣ እዚያ ከገቡ በኋላ ጤናቸውን ማን ይከታተላል የሚለው ነው።

ክኔሴት የዲዩር ሙጋንን ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሕጉ የቤቱ አስተዳዳሪ ከማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ፈቃድ እንዲያወጣና ከነዋሪው ጋር በጽሑፍ እንዲዋዋል ያስገድዳል። ይሁን እንጂ ዲዩር ሙጋን ራሳቸውን ችለው ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጀ መኖሪያ እንጂ ሆስፒታል አይደለም። ከ1995 ጀምሮ በሚሠራበት የጤና መድን ሕግ መሠረት ሐኪሙም መድኃኒቱም የሚገኘው እንደበፊቱ ከኩፓት ሆሊም ነው። ከቢቱዋሕ ለኡሚ የሚሰጠው የሲዑድ መብትም እዚያ ስለገቡ ብቻ አይቀርም።

ችግሩ ሌሊት ነው። እናት ከአልጋ ሲወርዱ ቢወድቁ፣ አባት ስኳራቸው ቢወርድ፣ ኩፓት ሆሊም ዝግ ነው። ቀድሞ የሚደርስላቸው የቤቱ ሠራተኛ ነው። «ደረቴን ወጋኝ» ሲሉ የሚረዳቸው ከሌለ የጥሪ ቁልፉ ምን ይጠቅማል?

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች ሕመምተኛውን በሚገባው ቋንቋ እንዲያስተናግዱ አዟል። እኛም ይኸው ግዴታ በዲዩር ሙጋን ሕግ ውስጥ በግልጽ እንዲጻፍ እንጠይቃለን፦ ቀንም ሌሊትም ለጥሪ የሚደርስ ሰው፣ በታወቀ ሰዓት የምትገኝ ነርስ፣ በአማርኛና በትግርኛ የሚያስተረጉም የስልክ አገልግሎት። ወጪው ይበዛል የሚሉ ይኖራሉ። የስልክ አስተርጓሚ ግን በየቤቱ ተጨማሪ ሠራተኛ መቅጠር አያስፈልገውም።

እስከዚያው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን ዕብራይስጥ አጥርቶ ለሚያነብ ሰው አሳዩ። የትኛው አገልግሎት በወር ክፍያው ውስጥ እንደሚካተት፣ የትኛው ለብቻ እንደሚከፈል፣ ነዋሪው ቢደክም እዚያው መቆየት ይችል እንደሆነ ጠይቁ። መልሱም በውሉ ላይ ይጻፍ። በቃል የተሰጠ ተስፋ ነገ ማስረጃ አይሆንም።